ሳንዲያጎ፦ ለአምፑል የተፈቀደ ገንዘብ፣ ካሜራ ይዞ የመጣ ምሰሶ

ሳንዲያጎ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ያለች፣ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት የካሊፎርኒያ ከተማ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ስማርት ሲቲ፣ ማለትም በመለኪያ መሣሪያና በኮምፒውተር ስለምትታገዝ ከተማ፣ በተወራ ቁጥር ስሟ ከአፍ አይጠፋም ነበር። በዓለም ትልቁ የተባለለትን የከተማ ሴንሰር (አካባቢን የሚለካ መሣሪያ) መረብ የዘረጋችው እሷ ነበረችና። ዛሬም ስሟ ይነሳል። አሁን የሚነሳው ግን ለመቀጣጫ ነው።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የፖሊስና የግላዊነት ክርክር ተደርጎ ነው። ክርክሩ እርግጥ ነበር፣ ወደ እሱም እንመጣለን። እኔ ግን ዋናው ነገር የተወሰነው በምክር ቤቱም በፖሊስ መምሪያውም አይመስለኝም። የተወሰነው ከዚያ በፊት ነው። አንድ ሰው ምሰሶው ላይ የሚሰቀለው ሳጥን ውስጥ ምን ያህል ማከማቻ እንደሚገባ ሲመርጥ ያን ጊዜ አለቀ። እንዴት እንደሆነ ለማየት ከአምፑሉ መጀመር ይሻላል። (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተፈቀደው ምን ነበር?

በዲሴምበር 2016 የከተማው ምክር ቤት ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ፕሮጀክት አጸደቀ። 14,000 የመንገድ መብራቶች ኃይል ቆጣቢ ወደሆነው ኤልኢዲ አምፑል ይቀየራሉ። ይህ ከከተማዋ የውጭ መብራቶች ሩብ ያህሉ ነው። ከዚያ ጋር 3,200 ምሰሶዎች ላይ ሴንሰር ይሰቀላል። አቅራቢው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቅርንጫፍ የነበረው ከረንት ነው። መረጃው የሚጓዘው በስልክ ኩባንያው በኤቲ ኤንድ ቲ የሞባይል ኔትወርክ ነው። በፌብሩዋሪ 2017 ለሕዝብ ሲነገር በዓመት 2.4 ሚሊዮን ዶላር የመብራት ወጪ ይቆጥባል ተባለ።

ሒሳቡ ሲታይ ማንም እምቢ አይልም። አሮጌው አምፑል ብዙ ይበላል፣ አዲሱ ጥቂት ይበላል። ልዩነቱ ለፕሮጀክቱ የተወሰደውን ብድር ይከፍላል። ሴንሰሩ ደግሞ በምርቃት መልክ ነው የመጣው። መኪና ማቆሚያ የት እንዳለ ይናገራል፣ ትራፊክ ይቆጥራል፣ እግረኛ ይቆጥራል፣ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት ይለካል። መረጃው ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። መተግበሪያ መሥራት የሚፈልግ ሁሉ ይወስደዋል። ለምክር ቤቱ የቀረበው በዋናነት የኃይል ቁጠባና የትራፊክ ጉዳይ ሆኖ ነው። ስለ ስለላ የረባ ውይይት አልተደረገም። በኋላ ነገሩ ሲፈነዳ አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ምን እንዳጸደቁ በቅጡ አለማወቃቸውን ተናግረዋል።

እዚህ ላይ ምክር ቤቱን ብቻ መውቀስ ይቀላል። የአምፑል ቅየራ አጀንዳ ይዞ የመጣን ሰነድ ማን ገልብጦ ያነበዋል? አምፑልና ካሜራ በአንድ ውል፣ በአንድ ብድር፣ በአንድ ድምፅ ሲቀርቡ፣ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መመለስ የሚቻልበት በር የለም።

ለምን የመብራት ምሰሶ?

ከተማ ውስጥ ሴንሰር መዘርጋት የሚያስብ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ "ሴንሰሩ ምን ይለካል?" የሚለው አይደለም። ጥያቄው "መብራት ከየት ያገኛል?" ነው። በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር ቁጥብ መሆን አለበት። ለአጭር ጊዜ ይነቃል፣ ይለካል፣ ጥቂት ባይት ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። ዓመታት እንዲቆይ ከተፈለገ ሌላ መላ የለውም። ካሜራ ደግሞ አይተኛም። ፕሮሰሰሩም ይበላል፣ ሬዲዮውም ይበላል።

የመብራት ምሰሶ ይህን ሁሉ ይፈታል። ከፍ ብሎ ይቆማል። በየተወሰነው ርቀት ይደጋገማል። ባለቤቱ ከተማው ራሱ ስለሆነ ኪራይ አይጠየቅበትም። ትልቁ ጸጋው ግን ኤሌክትሪኩ ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ የመንገድ መብራቶች ማብሪያና ማጥፊያው አምፑሉ አናት ላይ ያለች ትንሽ የብርሃን ሴንሰር ናት። ሲመሽ ታበራለች፣ ሲነጋ ታጠፋለች። ስለዚህ ገመዱ ውስጥ ቀንም ሌትም ኃይል አለ። አምፑሉ ቀን ላይ ጠፍቶ እንኳ ምሰሶው ላይ ያለው ሳጥን ይሠራል።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። ወደፊት ትመለስብናለች።

ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ነገር በጊዜው ሚስጥር አልነበረም፣ የቴክኖሎጂ መጽሔቶች ጽፈውታል። የኢንቴል አቶም ፕሮሰሰር፣ ግማሽ ቴራባይት ማከማቻ፣ ብሉቱዝና ዋይፋይ፣ ሁለት ሙሉ ኤችዲ ካሜራ፣ ሁለት የድምፅ ሴንሰር። ከዚያ ላይ የሙቀት፣ የግፊት፣ የእርጥበት፣ የንዝረትና የመግነጢስ መለኪያ። አምፑል ላይ የተንጠለጠለ ሙሉ ኮምፒውተር ነው እንጂ ሴንሰር ብሎ መጥራቱ እንኳ ትንሽ ያሳፍራል።

አንድ መኪና ቆመ እንበል

አንድ ምሰሶ ሥር መኪና መጥቶ ቆመ። ሳጥኑ ውስጥ ምን ይሆናል?

ካሜራው መንገዱን ያያል። ሶፍትዌሩ ምስሉ ላይ ቀድሞ የተሰመሩ ክልሎች አሉት። ይህ ማቆሚያ ነው፣ ይህ የእግረኛ መንገድ ነው፣ ይህ የመኪና መስመር ነው። አንድ ቅርጽ ወደ ማቆሚያው ክልል ገብቶ ሲቆም ፕሮሰሰሩ አጭር መልእክት ይጽፋል። "መኪና ገባ፣ ቦታው እዚህ ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው።" ሲወጣ ሌላ መልእክት ይጻፋል። እግረኛ ሲያልፍም እንደዚሁ፣ ከየት ወደ የት እንደሄደ ተጨምሮ። ወደ ማዕከሉ በሞባይል ኔትወርክ የሚሄደው ይህ መልእክት ነው። ጽሑፍ ነው፣ ምስል አይደለም።

ለምን ቪዲዮው አይላክም? ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ያወጣል ብንል፣ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሆናል። ሁለት ካሜራ 43 ጊጋባይት ይሞላል። በወር ከአንድ ምሰሶ 1.3 ቴራባይት ገደማ ይወጣል ማለት ነው። 3,200ዎቹ ምሰሶዎች አንድ ላይ ሲልኩ ደግሞ በየሴኮንዱ 12.8 ጊጋቢት ወደ ኔትወርኩ ይፈስሳል። ያውም በሽቅብ በኩል፣ የሞባይል ኔትወርክ ጠበብ በሚልበት አቅጣጫ። የዚህን ሒሳብ የሚከፍል ከተማ የለም። ስለዚህ ሥራው እዚያው ምሰሶው ላይ ይሠራል፣ ውጤቱ ብቻ ይላካል።

ይህ አሠራር ለግላዊነትም ጥሩ ነው ተብሎ ይወደሳል። ቪዲዮው ከምሰሶው አይወጣም፣ ሰው አያየውም፣ የሚወጣው ቁጥር ነው። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ቪዲዮው አይወጣም ማለት የለም ማለት አይደለም። በየምሰሶው ውስጥ አምስት ቀን ይቀመጥ ነበር። ከዚያ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል።

በእኛው ግምት ሁለት ካሜራ ለአምስት ቀን ሲቀርጽ 216 ጊጋባይት ይሆናል። ግማሽ ቴራባይት ውስጥ ተመቻችቶ ይገባል። እንግዲህ ከተማዋ የገዛችው መቁጠሪያ ነው ሲባል፣ በተግባር 3,200 ቦታ ላይ የተበተነ የአምስት ቀን የቪዲዮ ማህደርም አብሮ ገዝታለች። ማህደሩ ውል ላይ በደማቁ አልተጻፈም ይሆናል። ግን ነበረ። የነበረ ነገር ደግሞ ፈላጊ አያጣም።

ኦገስት 2018

ፈላጊው የመጣው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው። በኦገስት 2018 የመዝናኛ ቤቶች በሚበዙበት በከተማዋ መሃል፣ ጋዝላምፕ ኳርተር በሚባለው ሰፈር፣ ሰው ተገደለ። ፖሊሶች በአካባቢው ካሜራ ያለው ነገር ሲፈልጉ የመንገድ መብራቱ ላይ ያለው ሳጥን ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ቪዲዮው ተጠየቀ፣ ተገኘም።

የዚህ ታሪክ አስቸጋሪ ነገር መጀመሪያው መልካም መሆኑ ነው። ቪዲዮው ማንንም ወህኒ አላስገባም። ይልቁንም ተይዞ የነበረው ሰው ነፃ እንዲወጣ ረዳ። ከዚህ በኋላ "ፖሊስ ይህን አይንካ" ብሎ መከራከር ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል የስርቆት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከተማው ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ንጹሕ ሰው ያዳነ ቪዲዮ ፊት ግን ማን ይቆማል?

ከዚያ ልማድ ሆነ። ፖሊስ ለራሱ መመሪያ አወጣ። ቀጥታ ስርጭት አንመለከትም፣ ፊት የሚለይ ሶፍትዌር አንጠቀምም፣ የምንጠይቀው ለከባድ ወንጀል ነው አለ። የግል ቤቶችና ግቢዎች በቪዲዮው ላይ እንዲሸፈኑ ተደርጓል ተባለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጥያቄው መቶዎች ደረሰ። ብዙዎቹ በእርግጥ ግድያ፣ ዝርፊያና ከባድ የመኪና አደጋ ነበሩ። በመሃል ግን የንብረት ማበላሸትና ቆሻሻን ያለቦታው የመድፋት ጉዳዮችም እንዳሉበት የአካባቢው ጋዜጠኞች ደረሱበት። መመሪያውን የጻፈው፣ የሚተረጉመውና የሚጠቀምበት አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ "ከባድ" የሚለው ቃል ቀስ እያለ መቅለሉ አይቀርም።

ነዋሪው ነገሩን በሰፊው የሰማው በ2019 ነው። መብራቱ ከተሰቀለ በኋላ፣ ቪዲዮውም ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ። የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው የተጠራው ግን ለማስረዳት ነው፣ ለመጠየቅ አልነበረም። በዚያው ዓመት ብዙ ማህበራት ተሰባስበው ትረስት ኤስዲ የሚባል ጥምረት መሠረቱ። ከውስጡ የስደተኛ ማህበረሰቦችን የሚወክሉም ነበሩበት። ሲቲ ሃይትስ የመሳሰሉ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች በብዛት የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ድምፅ በዚህ በኩል ተሰማ። ጥያቄያቸው ካሜራው ይነቀል ከማለት ይልቅ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ሕዝብ ይወቅ፣ ምክር ቤቱም በግልጽ ይወስን የሚል ነበር። ለእኔ ይህ ከሁሉም በላይ ልክ የሆነ ጥያቄ ነው።

ዋናው ሥራስ?

የመኪና ማቆሚያውና የትራፊኩ ጉዳይ ምን ደረሰ? ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

በአጭሩ ብዙ አልሄደም። የሕዝብ ነው የተባለው መረጃ ተለቀቀ፣ የተወሰኑ ሙከራዎችም ተደረጉበት። ነዋሪው በየዕለቱ የሚጠቀምበት፣ "ይኸው ሴንሰሩ ያመጣልን" የሚባል አገልግሎት ግን አልወጣም። በመሃሉ ደግሞ ባለቤቱ ተለወጠ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ከረንትን ሸጠው፣ ሽያጩ በ2019 ተጠናቀቀ። የሴንሰሩን ሥራ ደግሞ በ2020 ዩቢኪያ የሚባል ኩባንያ ገዛው። ከተማዋ ውል የፈጸመችው ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ ጋር ነበር። ሳጥኑ ምሰሶው ላይ ሳይነቃነቅ ሁለት ጊዜ እጅ ለወጠ።

ይህ ለከተማ አስተዳዳሪ ተራ ነገር አይደለም። ምሰሶው የከተማው ነው። ሳጥኑም ተገዝቷል። ሳጥኑን የሚያዝዘው ሶፍትዌር፣ መረጃው የሚያልፍበት ሰርቨርና የመግቢያ ቁልፉ ግን ኩባንያው ጋ ነው። የግንኙነትና የመረጃ ክፍያውም ወጪ ይዞ መጣ። ይሄ ሁሉ ተደማምሮ በ2020 አጋማሽ ላይ የትራፊክና የእግረኛ መረጃው ቆመ። የቀረው ተጠቃሚ ፖሊስ ብቻ ሆነ። ማለት፣ የተገዛበት ሥራ ቀረ፣ ያልተገዛበት ሥራ ቀጠለ።

ያ ወቅት ደግሞ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ የተገደለበትና አሜሪካ በሰልፍ የተናጠችበት ጊዜ ነበር። ፖሊስ ከሰልፎቹ ጋር በተያያዘ ቢያንስ 35 ጊዜ የመብራቶቹን ቪዲዮ እንደወሰደ በጁን 2020 ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የቴክኒክ ክርክር መሆኑ አበቃ።

ማጥፊያ የሌለው ካሜራ

በሴፕቴምበር 2020 የወቅቱ ከንቲባ ኬቨን ፎልኮነር ሴንሰሮቹ እንዲጠፉ አዘዙ። ሕግ እስኪወጣ ይጥፉ ተባለ። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው ያቺ የኤሌክትሪክ ነገር የምትመለሰው። ሳጥኑ ኃይል የሚወስደው ከአምፑሉ መስመር ነው። የራሱ የተለየ ማጥፊያ የለውም። ካሜራውን ከኃይል መንቀል ከፈለግህ መንገዱም ይጨልማል። በመስመሩ በኩል አንዱን ትቶ ሌላውን ማጥፋት አልተቻለም። 3,200 ምሰሶ ላይ በመሰላል መኪና እየወጡ ሳጥኑን መፍታት ደግሞ የሳምንታት ሥራና ብዙ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ የተደረገው ሌላ ነው። መግቢያው ተዘጋ። ማንም ቪዲዮውን እንዳያወጣ ኩባንያው በሶፍትዌር በኩል እንዲቆልፈው ተጠየቀ። ካሜራው ግን ኃይል እያገኘ መቆየቱ አልቀረም። ለነዋሪው የተነገረው "ጠፍቷል" ነው። ለመሐንዲሱ ግን "ጠፍቷል" እና "በሩ ተቆልፏል" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሩን የቆለፈው ነገ ሊከፍተው ይችላል። ከታች ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ መንገደኛ ደግሞ ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሳጥኑ ላይ መብራት የለም፣ ምልክት የለም።

ለዚህ የሚሆነው መፍትሔ ውድ አልነበረም። ሴንሰሩና አምፑሉ የየራሳቸው ማቋረጫ ቢኖራቸው ይበቃ ነበር። ንድፍ ላይ እያለ ቢታሰብበት በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ትንሽ ማብሪያ ነው። ከተሰቀለ በኋላ ግን የከተማ ጉዳይ ሆነ።

መጀመሪያ ሌላ ነገር ቢመረጥስ?

"መኪና ማቆሚያ ቦታ ባዶ ነው ወይስ ተይዟል?" ይህን ለማወቅ ካሜራ ግድ አይደለም። በሰሜን ስፔን የምትገኘው ሳንታንደር ከ2010 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የሴንሰር መረብ ስትዘረጋ ሌላ መንገድ ነው የመረጠችው። በመሃል ከተማ ወደ 400 የሚጠጉ ትናንሽ መሣሪያዎች አስፋልት ውስጥ ቀበረች። መሣሪያው የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ይለካል። ብረት የበዛበት መኪና ከላዩ ሲቆም መስኩ ይዛባል። "ተይዟል" ይላል። መኪናው ሲሄድ "ባዶ ነው" ይላል። አለቀ። የሾፌሩን ፊት አያውቅም፣ ታርጋውን አያውቅም፣ ቀዩንም ከነጩ አይለይም።

ሬዲዮውም እንደዚያው ነው። ሳንታንደር የተጠቀመችበት የአጭር ርቀት ሬዲዮ መስፈርት በአንድ ጊዜ የሚልከው ከ127 ባይት አይበልጥም። አስፋልቱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ምሰሶ ላይ ወዳለ አቀባባይ ይልካል፣ አቀባባዩ ለሌላው ያሳልፋል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ኢንተርኔት የሚያሻግር ጌትዌይ ይደርሳል። ዛሬ በብዙ ከተሞች የሚሠራበት፣ ሎራዋን የሚባለው የረጅም ርቀት ሬዲዮም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኪሎሜትሮች ይጓዛል፣ መልእክቱ ግን ከ250 ባይት በታች ነው። በአንዳንድ አሠራሩ 51 ባይት ብቻ ነው። በዚህ ቀዳዳ ቪዲዮ ላሳልፍ ብሎ የሚነሳ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

እኔ ይህን ጥበት እንደ ጉድለት ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የግላዊነት ፖሊሲ በደብዳቤ ይለወጣል። መመሪያ በስብሰባ ይሻሻላል። 51 ባይት ግን በማንም ፊርማ ቪዲዮ አይሆንም። ኔትወርክ ስትመርጥ ወደፊት ማን ምን መጠየቅ እንደሚችልም አብረህ መርጠሃል።

ነገሩን ማሳመር ግን አይገባም። አስፋልት ውስጥ የተቀበረ መሣሪያ ባትሪው ሲያልቅ መንገድ መቆፈር አለ። መንገዱ በታደሰ ቁጥር ይጎዳል። እግረኛና ብስክሌት አይቆጥርም። ለአንድ ሥራ አንድ መሣሪያ መግዛት ይጠይቃል። የካሜራው ሳጥን የተወደደው ሁሉንም በአንድ ስለሚሠራ፣ ነገ ደግሞ አዲስ ሶፍትዌር ሲጫንበት ዛሬ ያልታሰበ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ሻጮቹም በግልጽ ያስተዋወቁት ይህንኑ ነው። ታዲያ ያልታሰበ ሥራ መሥራት የሚችል መሣሪያ ገዝቶ ያልታሰበ ሥራ ሲመጣ መደንገጥ አያምርም።

ካሜራ የግድ ካስፈለገም መንገድ አለ። ቺካጎ "አሬይ ኦፍ ቲንግስ" የሚባለውን የሴንሰር ፕሮጀክት ስትጀምር የግላዊነት ፖሊሲውን ረቂቅ በጁን 2016 ለሕዝብ አስተያየት አቀረበች። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ምሰሶ ላይ የወጡት ከዚያ በኋላ፣ በኦገስት ነው። የምስሉ ሥራ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አልቆ ምስሉ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የታሰበው። ሶፍትዌሩን ለማስተካከል የሚያገለግሉ ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ይቀራሉ፤ ይህም አስቀድሞ ተነግሯል። ፍጹም አይደለም። የአምስት ቀን ማህደር ግን የለውም። ፖሊስ መጥቶ ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ "አንሰጥም" መሆኑ ቀርቶ "የለንም" ይሆናል። ሁለተኛው መልስ በጣም የጠነከረ ነው።

ሕጉና ከሕጉ በኋላ

በኖቬምበር 2020 የሳንዲያጎ ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ሁለት ደንቦችን ደገፈ። ሐሳቡን ያመጡት የምክር ቤት አባል ሞኒካ ሞንትጎመሪ ናቸው። አንደኛው ደንብ ማንኛውም የስለላ ቴክኖሎጂ ከመገዛቱ በፊት ለምን እንደሚውል በጽሑፍ እንዲቀርብና ምክር ቤቱ እንዲወስንበት ያስገድዳል። ሁለተኛው የግላዊነት አማካሪ ቦርድ ያቋቁማል። በሙሉ ድምፅ የተደገፈው ነገር ሕግ ሆኖ እስኪጸና ግን እስከ 2022 ቆየ። አምፑሉ በአንድ ስብሰባ አልፏል፤ ደንቡ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ።

በዚህ መሃል 3,200ዎቹ ሳጥኖች ምሰሶ ላይ እንደተሰቀሉ አረጁ። ማንም አይጠቀምባቸውም፣ ማንም አያወርዳቸውም።

በ2023 ፖሊስ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። 500 የመንገድ መብራቶች ላይ ካሜራ ይሰቀል፣ ታርጋ የሚያነብ ሶፍትዌርም ይጨመርበት የሚል ነው። አቅራቢው ያው ዩቢኪያ ነው፣ የታርጋ አንባቢው ቴክኖሎጂ ፍሎክ የሚባል ሌላ ኩባንያ ነው። በአዲሱ ደንብ መሠረት ነገሩ ወደ አማካሪ ቦርዱ ሄደ። ቦርዱ አይሁን አለ። ከንቲባ ቶድ ግሎሪያ ግን ደገፉት። ምክር ቤቱም በኦገስት 2023 አጸደቀው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ደንቡ ራሱ ላላ ተደረገ። ለሥራ አስቸጋሪ ሆነ፣ ተራ መሣሪያ ሁሉ ግምገማ ይጠይቃል የሚል ቅሬታ ከመሥሪያ ቤቶች መጥቶ ነበር። ከፊሉ ቅሬታ እውነት አለው። ከፊሉ ደግሞ የተለመደው የቢሮ ስንፍና ይመስለኛል።

ታዲያ ደንቡ ምን ጠቀመ? ውጤቱን ካየን፣ ካሜራው ተመልሶ ተሰቅሏል፣ ያውም ታርጋ እያነበበ። ሂደቱን ካየን ግን ልዩነት አለ። በ2016 የቀረበው የአምፑል ቅየራ ነበር። በ2023 የቀረበው የፖሊስ ካሜራ ተብሎ ነው። ቁጥሩ ይታወቃል፣ ወጪው ይታወቃል፣ የደገፈና የተቃወመ የምክር ቤት አባል በስም ይታወቃል። በቀጣዩ ምርጫ የሚጠየቅ ሰው አለ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም የትኛው ማቆሚያ ባዶ ነው፣ ስንት እግረኛ ያልፋል፣ ትራፊኩ የት ይጨናነቃል የሚለው፣ የ2023ቱ ዕቅድ ሥራ አልነበረም። ያን ፕሮጀክት ያቀረበው የፖሊስ መምሪያው ነው፣ የሚለካውም በተገኙ ተጠርጣሪዎችና በተገኙ የተሰረቁ መኪኖች ነው።